ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከዲስክ ወደ ፋይል የተሻገረበት ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ምን እንጻፍ የሚለው ጥያቄ ጥቂት አከራክሮን ነበር። ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። ነገር ግን ዕቃም ታሪክ አለው፤ ይልቁንም የሰውን ድምፅና መልክ ይዞ የሚያኖር ዕቃ ታሪኩ ካልተጠየቀ፣ በውስጡ ያለው ነገር አብሮት ይጠፋል። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ለበዓሉ የሚታይ ፊልም እንዲያሰናዳ ሥራ ስለ ተሰጠው፣ ለዚሁም ከቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ዲስክ ስለ ተረከብን፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከፊልም ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ዲስክ፣ ከዲስክም ወደ ኮምፒዩተር ፋይል እንዴት እንደ ተሻገረ፣ በመንገዱም ላይ ምን ምን እንደ ጣለ ለመጻፍ ወሰንን።

«መገልበጥ» የሚለው ቃል በአገራችን ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ሲገለብጥ ኖሯል። ጸሐፊው ደክሞት አንድ መስመር ቢዘል፣ ከእርሱ ቅጅ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ መስመር ይዘላሉ። የጥንት መጻሕፍት መርማሪዎችም የትኛው ቅጅ ከየትኛው እንደ ተወለደ ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ስሕተት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ቅጅው በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በተባለው ስፍራ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ የታወቁት ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩን በማዘጋጀት ደክመውበታል። ከማይክሮፊልሙም ብዙው ኋላ ወደ ኮምፒዩተር ተላልፏል። ብራና፣ ማይክሮፊልም፣ ፋይል። እኛም በካርቶናችን ውስጥ ያገኘነው ታሪክ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ ነገሩ ሁሉ በፍጥነትና በርካሽ መደረጉ ነው።

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ይነገራል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የአማርኛ ፊልምም የዚያው ጊዜ ሥራ ነው። በዚያን ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚኖረው በፊልም ጥቅል ላይ ነበር። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች በተከታታይ ያልፋሉ፤ ጥቅሉን ወደ ብርሃን ቢያነሡት እያንዳንዱ ሥዕል ያለ ምንም መሣሪያ ለዓይን ይታያል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቪኤችኤስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የካሴትን ክር አውጥቶ ወደ ፀሐይ ቢያነሡት ከቡናማ ጥብጣብ በቀር የሚታይ የለም። ሥዕሉ የማግኔት ምልክት ሆኖ ተሰውሯል፤ ለማየትም ዴክ ያስፈልጋል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥዕልን ማስቀመጥ ማለት ማንበቢያውንም አብሮ ማስቀመጥ ማለት ሆነ። ይህን ነጥብ አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዴክ ወደ ሠፈራችን በገባ ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማወቅ፣ በኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ካሴት ሲገለብጡና ሠርግ ሲያነሡ ወደ ኖሩ አንድ አባት ሄደን ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት እንደ ነበረ፣ ሕፃናት በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀምጠው የህንድና የካራቴ ፊልም ያዩ እንደ ነበረ ነገሩን። ከዚያም «ጋሼ፣ ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ሥዕሉ ምን ይሆን ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፣ ነገሩ ቡና ነው» አሉን። «መጀመሪያ የተነሣው አቦል ነው። ከእርሱ የተገለበጠው ቶና፣ ከቶናው የተገለበጠው በረካ። ሰው ግን ሁልጊዜ በረካውን ይዞልኝ ይመጣና አቦል አድርግልኝ ይለኛል!»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጻሕፍት አላገኘንም። በካሴት ዘመን እያንዳንዱ ግልበጣ ያቀጥናል። የቀይ ቀለም ይፈስሳል፣ የፊት ገጽታ ይደበዝዛል፣ ድምፁም ውስጥ የነፋስ ሹክሹክታ የመሰለ ይገባበታል።

ዲስክ ሲመጣ ይህ ችግር የተወገደ መሰለ። ሲዲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ለሙዚቃ ወጣ፤ በ1993 ደግሞ ቪሲዲ የተባለው የቪዲዮ ሥርዓት ተደነገገ፤ ዲቪዲ በ1996 በጃፓን መሸጥ ጀመረ። በዲስክ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አይቀጥንም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በዲስኩ ላይ እንዲገባ አስቀድሞ እጅግ መጨመቅ ነበረበት። በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት በፓል አንድ ሴኮንድ 25 ሥዕሎች አሉት። የዲቪዲ ሥዕል በአግድም 720፣ በቁመት 576 ነጥቦች ሲኖሩት የቪሲዲው 352 በ288 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቪሲዲ የዲቪዲን ሩብ ያህል ነጥብ እንኳ በቅጡ አይዝም። የአንድ ሰዓት ሥዕል ሳይጨመቅ በዲቪዲው ልክ ቢቀመጥ 75 ጊጋ ባይት ያህል ይሆን ነበር፤ ተራው ዲቪዲ ግን የሚይዘው 4.7 ጊጋ ባይት ነው። የቀረው ሁሉ ተጥሏል ማለት ነው፤ የሚጣለውም ዓይን ብዙ አያስተውለውም ተብሎ የተገመተው ነው። አንድ ቪሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ነው ወላጆቻችን አንዱን ፊልም በሁለት ሲዲ ይገዙ የነበረው፤ ታሪኩ በሚጥምበት ሰዓት ተነሥቶ ሲዲ 2ን ማስገባት ግድ ነበር።

በ1990ዎቹ ዓመታት በቪዲዮ ካሜራ የሚነሡ የአማርኛ ፊልሞች በዙ፤ ዲስክም በየሱቁና በየመንገዱ ዳር ተዘረጋ። የመገልበጡ ቅለት ግን ደራሲውንና ድምፃዊውን ጎዳ። ያለ ፈቃድ የሚገለበጠው ስለ በዛ ሙዚቀኞች ለወራት አዲስ ሥራ ሳያወጡ ተቃውሟቸውን ገለጹ፤ በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ታወጀ። አዋጁ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጅ ቢያደርግ አይከለክለውም፤ ለገበያ ማባዛትን ግን ይቀጣል። በውጭው ዓለም የፊልም ኩባንያዎች ዲቪዲያቸውን በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ቁልፉን የሚፈታ ፕሮግራም ካሠራጩት አንዱ ዮን ዮሃንሰን የተባለ የእኛን ያህል ዕድሜ ያለው የኖርዌይ ልጅ ሲሆን፣ ተከስሶ በ2003 በነፃ ተለቀቀ። እኛ የተረከብናቸው ዲስኮች የትምህርት ቤቱ የራሱ ስለ ሆኑ ቁልፍም ክስም አልነበረባቸውም። መከራችን ሌላ ነበር።

በካርቶኑ ውስጥ ካሉት ሁለቱ፣ አንድ ቪሲዲና አንድ ዲቪዲ፣ በላያቸው ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተከበረ የትምህርት ቤቱ በዓል። ዲቪዲውን ስናየው ከሥዕሉ ግርጌ የሚርገበገብ ቀጭን የተበጣጠሰ መስመር አገኘን። ይህ መስመር የዴክ ምልክት ነው፤ የዴክ ራሶች ሲፈራረቁ በሥዕሉ ግርጌ የሚቀር ነው። ስለዚህ ዲቪዲው የተሠራው ከካሴት መሆኑን አወቅን። በቪሲዲውም ላይ፣ ሥዕሉ የደበዘዘ ቢሆንም፣ ያው ምልክት በዚያው ስፍራ አለ። ሁለቱ ዲስኮች እንግዲህ የአንድ ካሴት ልጆች ናቸው፤ ቁም ጸሐፊ በዘለለው መስመር የመጽሐፍ ትውልድ እንደሚታወቅ ሁሉ ማለት ነው። ካሴቱ ራሱ በዕቃ ቤቱ የለም።

ከዲስኮቹ መካከል የሚበልጠው ዲቪዲው እንደ ሆነ ገምተን ደስ ብሎን ነበር። ሥዕሉ የጠራ ነው፤ ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ የስፖርቱ ትርኢት ሁሉ ይታያል። በመካከሉም ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ መምህር ወደ ድምፅ ማጉያው ቀርበው ከወረቀት ላይ ያነብባሉ። የሚያነብቡት በትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ዓመት የተመዘገቡትን ተማሪዎች ስም ነው። ነገር ግን አይሰማም። ዲቪዲውን ያቀናበረው ሱቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዘመኑን ዘፈን ጭኖበታል። ይህ በሠርግ ቪዲዮ የተለመደ ነው፤ ለሠርግም ምናልባት ያምር ይሆናል። የአዳራሽ ንግግርና የስም ጥሪ በዘፈን የተሸፈነበትን ስናይ ግን፣ አሳማሪው ለማሳመር ብሎ ያጠፋው ካጥፊው እንደማይተናነስ ተሰማን። የመጀመሪያው ድምፅ የተረፈው በቪሲዲው ላይ ነው፤ በዚያ በደበዘዘው። ስለዚህ ሥራችን ዓይንን ከአንዱ፣ ጆሮን ከሌላው ወስዶ ማገናኘት ሆነ።

እዚህ ላይ የመገልበጥንና የመለወጥን ልዩነት ማስረዳት ይገባናል። መገልበጥ ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ፣ ምንም ሳይነኩ ወደ ሃርድ ዲስክ ማምጣት ነው። መለወጥ፣ በተለምዶ ኮንቨርት ማድረግ የምንለው፣ ሥዕሉን ፈትቶ በሌላ ሥርዓት እንደገና መጨመቅ ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ጥቂት ያጎድላል። የጋሼ ቶናና በረካ በዲስክ ዘመን የሚመለሱት በዚህ በር ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚያደርግ፣ ዲስኩን ለስልክ ወደሚመች ትንሽ ፋይል ለውጦ ዲስኩን ይጥለዋል። የእኛ ደንብ አስቀድሞ ሁሉንም መገልበጥ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ መለወጥ ነበር።

ግልበጣው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዛሬ የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማንበቢያ ስለሌላቸው፣ ከአሮጌ ዴስክቶፕ የተፈቱ ማንበቢያዎችን ለመለመን ተገደድን፤ ስለ ዴክ ከላይ ያልነው ነገር በዲስክም ላይ መድረሱ ነው። ዲስኩን ያጠብነው በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመካከል ወደ ዳር ነው፤ ዙሪያውን የሚሄድ ጭረት ንባቡን ይበልጥ ስለሚያበላሽ እንደ ሳህን አዙሮ ማጠብ አይገባም። በዲቪዲው ውስጥ ሥዕሉ ቪኦቢ በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊጋ ባይት ገደማ በሆኑ ፋይሎች ተከፍሎ ተቀምጧል። አከፋፈሉ የመጠን እንጂ የትርጉም አይደለም፤ አንድ ንግግር ከቃሉ መካከል ተቆርጦ ግማሹ በሚቀጥለው ፋይል ይገኛል። ለየብቻ ከተለወጡ በየመጋጠሚያው ድምፁ ሊነጥብ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በቅደም ተከተል ማያያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ የተጠቀምንበት ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ለማየት ደግሞ ቪኤልሲን ተጠቀምን። ቪኤልሲ በፓሪስ በኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች እጅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የተጀመረ መሆኑን ስናነብ ደስ አለን፤ በተማሪ ሥራ የተማሪ ታሪክ መታደጉ ነውና።

ዲቪዲው ለመታየት እንጂ ለመቆረጥ አልተሠራም። በውስጡ ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው ሥዕል ከ12 ወይም ከ15 አንዱ ገደማ ነው፤ የቀሩት «ከጎረቤቴ የምለየው በዚህ በዚህ ነው» የሚሉ የልዩነት ማስታወሻዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን ቆርጦ ማውጣት፣ አንድን ምላሽ ያለ ጥያቄው እንደ ማንበብ ይሆናል። ስለዚህ ለቅንብር እያንዳንዱ ሥዕል ራሱን ችሎ ወደሚቆምበት ሥርዓት ለወጥነው፤ ፋይሉ እጅግ ወፈረ፣ የክበባችንንም ኮምፒዩተር አስጨነቀው። ሌላው የዲቪዲ ጠባይ ደግሞ አንዱን ሥዕል በሁለት ግማሽ፣ በሴኮንድ 50 ግማሽ አድርጎ መያዙ ነው። በአሮጌው ቴሌቪዥን አይታወቅም ነበር፤ በኮምፒዩተር ላይ ግን የሚሮጡት ተማሪዎች እግር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ማስተካከያ አለው። የፊትም ገጽታ በሰፊው ማያ ላይ እንዲወፍር አልፈቀድንም፤ ሥዕሉ 4 ለ3 ነበርና ግራና ቀኙን ጥቁር አድርገን እንደ ነበረ ተውነው።

በአሜሪካ ከሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች የመጣልን አንድ ዲስክ ደግሞ በኤንቲኤስሲ ሥርዓት የተሠራ፣ በሴኮንድ 30 ገደማ ሥዕል ያለው ሆኖ ከእኛው 25 ጋር አልሄድ ብሎ አስቸግሮ ነበር። ፕሮግራሙ አሳስቦ አገናኘው፤ እንቅስቃሴው ግን ጥቂት ይሰናከላል።

ወደ ስም ጥሪው እንመለስ። የቪሲዲው ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ሲሆን የዲቪዲው 48,000 ጊዜ ነው። ሁለቱን ወደ አንድ ልክ ካመጣን በኋላም ካሴቱ በሁለት ልዩ ልዩ ዴኮች ስለ ተነበበ እኩል አልሄዱም፤ ከንፈርና ቃል ቀስ በቀስ ይራራቃሉ። ማጋጠሚያ ያገኘነው በደወሉ ነው። ከንባቡ በፊትና በኋላ አንድ ተማሪ የተሰቀለውን ብረት ሲመታ ይታያል፤ መዶሻው ብረቱን የነካበትን ሥዕልና ድምፁ የተሰማበትን ቅጽበት አጋጥመን፣ በሁለቱ ደወሎች መካከል ያለውን ድምፅ በጥቂቱ ወጠርነው። ያን ጊዜ መምህሩ ተናገሩ። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ዝም አልን። አንዳንዶቻችን በዝርዝሩ ውስጥ የአያታችንን ስም ሰምተናል።

ነገር ግን ቪሲዲው ከመካከሉ ላይ ተጭሯል። የቪሲዲ ሥርዓት ብዙ ሥዕል እንዲይዝ ተብሎ ስሕተት ማረሚያ ከሚሆነው ቁጥር ጥቂቱ ስለ ተቀነሰበት፣ ጭረት ሲያገኘው ከመረጃ ሲዲ ይልቅ ይጎዳል። በአንዱ ማንበቢያ እምቢ ያለው በሌላው ሲነበብ፣ በቀን ያልሆነው በሌሊት በተደጋጋሚ ሙከራ ሲገኝ ሰንብቶ፣ ከጠፉት ስሞች የሚበዙት ተመልሰዋል። የቀሩትን ግን ማንም ማንበቢያ አላወጣቸውም።

በዚህ ጉዳይ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ባዶው ቦታ በሙዚቃ ይሸፈን፣ የግርጌውም የተበጣጠሰ መስመር ይቆረጥ፣ እንግዳ በሚጋበዝበት በዓል ላይ ጉድለት ማሳየት አይገባም አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ሱቁ ያደረገውን እኛ ልንደግም ነውን ብለን ተከራከርን። በመጨረሻም ለበዓሉ በሚታየው ፊልም የግርጌው መስመር ተቆረጠ፤ በባዶው ቦታ ግን ሙዚቃ አልገባም። መምህሩ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያሉ፣ ድምፅ የለም፤ ከዚያ ከሚቀጥለው ስም ይሰማሉ። ለማስቀመጫ የሚሆነው ቅጅ ግን ምንም ሳይቆረጥ፣ መስመሩም ዘፈኑም ጭረቱም እንዳለ፣ ከሁለቱም ዲስኮች እንደ ተገለበጠ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተጽፎ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁለተኛው በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጧል። ዲስኮቹም ሙቀትና ፀሐይ በማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ ቆመው ተደርድረዋል፤ ብዙ ወንድሞቻቸው ከታክሲ መስታወት ላይ ተንጠልጥለው ጌጥ ሆነዋልና።

ይህን የምታነብቡ የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በነበረው በዓል ላይ ተገኝታችሁ እንደ ሆነና የዚያ ቀን ካሴት ወይም ከካሴቱ የተገለበጠ ሌላ ዲስክ በቤታችሁ፣ በአልጋ ሥር ወይም በቁም ሣጥን ላይ ካለ፣ ሳታጥቡትና ሳትሞክሩት ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አምጡልን። ገልብጠን በዕለቱ እንመልሳለን። የምንፈልገው ከሁለተኛው ደወል በፊት ያለውን ጥቂት ቦታ ነው።